ባንኩ ቋሚ ነው፣ ሰመራ ደግሞ ብር አለ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

29 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ላለፉት ስድስት ዓመታት አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ እየሠራሁ ነው። ደመወዜ 16 ሺህ ብር ነው። ከዓመት በላይ ሥራ ስፈልግ ከረምኩና አሁን በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ አለፍኩ። አንደኛው የግል ባንክ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ፋይናንስ ክፍል፣ ቋሚ ቅጥር፣ ደመወዙ 24 ሺህ። ሌላኛው የውጭ እርዳታ ድርጅት ነው፤ የፋይናንስ ኦፊሰር፣ ቦታው ሰመራ፣ ደመወዙ 68 ሺህ፣ ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነው። ‹በጀት ከተገኘ ይታደሳል› ብለውኛል።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ‹ባንክ ቋሚ ነው፣ የቤት ብድር አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?› ይለኛል። እጮኛዬ ደግሞ ‹68 ሺህ ትቶ 24 ሺህ የሚመርጥ ሰው ካለ አሳዩኝ› ብሎ ይስቃል። ሠርጋችን ለመጪው ጥር ነው፤ ወጪውን ከአሁኑ እያሰብን ነው። የምኖረው ጀሞ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተጋርቼ ነው። ለቤተሰብ በየወሩ 4 ሺህ ብር እሰጣለሁ፤ እናቴ ስኳር አለባት፣ ታናሽ ወንድሜም ገና ኮሌጅ ነው።

ባንኩ ደብዳቤ ሰጥቶኛል፣ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። ድርጅቱ ግን በስልክ ነው የነገረኝ፤ ደብዳቤው በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል ተብያለሁ። ጓደኛዬ ‹ለባንኩ እሺ በይና ግቢ፣ የዚያኛው ሲመጣ ጥለሽ ውጪ› ትላለች። ኅሊናዬ ግን እሺ አላለኝም። የቱን ልያዝ? ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ፈተና ጀምሬ አራት ሲቀረኝ አቁሜያለሁ፤ እሱንም ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ።

ሁለት ልብ የሆንኩ፣ ከጀሞ»

እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ይህን ያለሽ ሰው አላየሁም። በዚህ ጊዜ ሁለት ቦታ ተወዳድሮ ሁለቱንም ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም። ጭንቀቱ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ትንሽ ደስ ይበልሽ።

አሁን ወደ ዓርብ እንሂድ፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

የቱን ልያዝ ብለሽኛል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እስካሁን እጅሽ ላይ ያለው አንድ የቅጥር ደብዳቤና አንድ የስልክ ጥሪ ነው። በስልክ «አልፈሻል» ተብሎ ደብዳቤው ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ኤንጂኦ ቤት። የቀድሞ አለቃ ይጠየቃል፣ ዋናው ቢሮ ያጸድቃል፣ ለጋሹ ገንዘቡን ይለቃል። ከነዚህ አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለድርጅቱ ኤችአር ደውዪ፣ ከዚያም ያልሽውን በኢሜይል ጻፊላቸው። «ሌላ ቦታ በጽሑፍ ቅጥር ቀርቦልኛል፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ተብያለሁ፤ የእናንተን ሥራ ግን እፈልገዋለሁ። ደብዳቤው እስከዚያ ሊደርሰኝ ይችላል?» በያቸው። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ቀጣሪዎች በየጊዜው የሚሰሙት ነገር ነው። የሚጎትቱት በቸልተኝነት ከሆነም ይነቃሉ።

ባንኩ ጋ ደግሞ እስከ ቀጣዩ ረቡዕ ጊዜ ጠይቂ። ሰበብ መፍጠር አያስፈልግሽም። «ቤተሰቤን ላማክር፣ የጥቅማጥቅሙንም ዝርዝር ልይ» ብትዪ በቂ ነው። ፈትኖ፣ ቃለ መጠይቅ አድርጎ የመረጠሽ ባንክ ለጥቂት ቀን ብሎ ሁለተኛዋን ተጠባባቂ ለመጥራት አይቸኩልም። ቢሆንም «አይሆንም» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ለእሱ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ያለሽበትን ሥራ ደግሞ የተፈረመ ውል ሳትይዢ እንዳትለቂ። ከሁለት ያጣ የሚኮነው እዚህ ጋ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም በቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህ ለአንቺ ጥሩ ዜና ነው። ሁለቱም ቀጣሪዎች ቢፈልጉም ነገ ሥራ ጀምሪ ሊሉሽ አይችሉም፤ የምትተነፍሺበት አንድ ወር አለሽ። ስትለቂም ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሻል፣ ሒሳብሽ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈልሻል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ይሰጥሻል። ክሊራንሱን ግን ራስሽ ተከታትለሽ ጨርሺው፤ አንድ ካልኩሌተር አልመለሰችም ተብሎ ወረቀት ሲታሰር ያየ ሰው ያውቀዋል።

የጓደኛሽን ምክር በተመለከተ፣ ሕጉ አይከለክልሽም። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል። እኔ ግን አልወደድኩትም። ኅሊናሽ ስለቆረቆረሽ ብቻ አይደለም። ባንክ ዋስ ይጠይቃል። ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ፣ ሥራ አስፈቅዶ፣ ቢሮ ድረስ መጥቶ የሚፈርምልሽ ደመወዝተኛ ዘመድ መለመን አለብሽ። ያንን ሰው አስቸግረሽ በሦስተኛው ሳምንት «ወጥቻለሁ» ልትዪው ነው? የፋይናንስ ሰው ዓለም ደግሞ ጠባብ ነች። ከዓመት በኋላ ሌላ ባንክ ስታመለክቺ ቃለ መጠይቁ ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ ያኔ ጥለሻት የወጣሽው ልትሆን ትችላለች። በግልጽ ጊዜ መጠየቅ ከዚህ ይሻላል።

እንግዲህ ሁለቱም ደብዳቤ እጅሽ ገባ እንበል። ያኔ ምን ይሻላል?

እጮኛሽ 68 ሲል፣ አባትሽ 24 ሲሉ፣ ሁለቱም የማይደርስሽን ብር ነው የሚቆጥሩት። አካውንታንት ስለሆንሽ ይህን ሳታውቂው አትቀሪም፤ ግን ሰው የራሱን ሒሳብ ሲሆን አይሠራም። እኔ ልሥራልሽ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚያ ላይ 7 በመቶ ጡረታ አለ። ሙሉው መሠረታዊ ደመወዝ ነው ብለን ብናሰላ፣ ከባንኩ 24 ሺህ ውስጥ 6,350 ብር ግብር፣ 1,680 ብር ጡረታ ይሄዳል፤ ቤት የሚገባው 15,970 ብር ነው። ከሰመራው 68 ሺህ ላይ ግብሩ 21,750፣ ጡረታው 4,760፤ እጅሽ የሚገባው 41,490 ብር። አሁን ያለሽበት ቦታ ደግሞ 11,330 ገደማ እየወሰድሽ ነው።

ስለዚህ ባንኩ አሁን ካለሽበት የሚጨምርልሽ 4,640 ብር ነው። በደብዳቤው ላይ የ8 ሺህ ጭማሪ ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም 44 ሺህ ሳይሆን 25,520 ብር ነው። ትንሽ አይደለም። ግን እጮኛሽ እንደሚስቀው አይደለም።

ወደ አባትሽ ክርክር ልምጣ፤ እሳቸው የሚሉት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በእሳቸው ዘመን ቋሚ ሥራ ማለት ሁሉ ነገር ነበር። «ቋሚ» ሲባል በሕጉ ቋንቋ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ማለት ነው፤ የማይቋረጥ ማለት ግን አይደለም። ሕጉ የሚቀበለው ምክንያት ካለ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወር፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር ነው። የባንኩ ዓለምም እየተናወጠ ነው። ዝቅተኛው የካፒታል መስፈርት ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ብሏል፤ በ2017 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ትልቅና የቆየ ባንክ ከሆነ ይህ ብዙ አያሳስብሽም። ትንሽና አዲስ ከሆነ ግን ወደፊት ከሌላ ጋር መዋሃድ ሊመጣ ይችላል። ሁለት ባንክ ሲዋሃድ መጀመሪያ የሚደራረበው የዋናው መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ነው።

የቤት ብድሩን ደግሞ እስኪ በቁጥር እንየው፤ ብዙ ሰው ባንክ የሚገባው ለእሱ ነውና። ለሠራተኛ የሚሰጠው ብድር ወለዱ ከገበያው ዝቅ ይላል፤ እውነት ነው፣ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን የብድሩ መጠን ደመወዝሽን ይከተላል። ለምሳሌ የደመወዝሽ ሲሶ፣ 8 ሺህ ብር፣ በየወሩ ቢቆረጥ፣ ወለዱ 7 በመቶ፣ ዘመኑ 20 ዓመት ቢሆን፣ የሚያበድሩሽ አንድ ሚሊዮን ብር ትንሽ ከፍ ይላል። በአንድ ሚሊዮን ብር ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ዓይነት ቤት እንደሚገዛ ለአባትሽ ደላላ ጠርተሽ አስነግሪያቸው። ደመወዝሽ ሲያድግ ብድሩም ያድጋል፤ የቤቱ ዋጋ ግን ቆሞ አይጠብቅሽም። በዚያ ላይ ብድሩ ከተቀጠርሽ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚፈቀድ፣ ወረፋ እንዳለውና ሥራ ስትለቂ ወለዱ ወደ ስንት እንደሚዘል ጠይቂ። ብዙ ሰው ከማይወደው ባንክ መውጣት የሚያቅተው በዚህች በመጨረሻዋ ነጥብ ነው።

ባንኩን ማጣጣሌ አይደለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል በቀጥታ መግባት ጥሩ ዕድል ነው፤ ብዙዎች ቅርንጫፍ ገንዘብ ቆጥረው፣ ዓመታት ጠብቀው ነው እዚያ የሚደርሱት። አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ በተግባር የሚሠራበት ቤትም ነው።

አሁን ሰመራ። «በጀት ከተገኘ ይታደሳል» የሚለውን ሐረግ በጥንቃቄ አንብቢው። በተግባር ሲታይ «ለአንድ ዓመት ቀጥረንሻል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ቃል አልገባንም» ማለት ነው። ጥር 2017 ላይ የሆነውን ታስታውሻለሽ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀን አገደ፤ በቀናት ውስጥ እዚህ አገር ብዙ ፕሮጀክት ቆመ፣ ባለሙያው ቤቱ ተቀመጠ። ዩኤስኤይድ ራሱ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ሥራውን አቆመ። ዓሥር ዓመት ሙሉ ኮንትራታቸው ሲታደስ የኖሩ ሰዎች ነበሩ የተበተኑት። ስለዚህ ኤችአሩ ሲደውልልሽ ለጋሹ ማን እንደሆነ፣ ፕሮጀክቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ ገንዘቡ ከተቋረጠ የስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጡ ጠይቂ። ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ዓሥራ አራት ወር ከቀረው «ይታደሳል» የሚለው ጨዋታ ነው። ገብተሽ ከሠራሽ በኋላ ግን አንድ ጥቅም አለሽ፤ የፋይናንስ ሰው ስለሆንሽ ገንዘቡ እየሳሳ መሆኑን ከማንም ቀድመሽ ታያለሽ።

ጥቅማጥቅሙንም ለይተሽ ጠይቂ። የበረሃ አበል አለ ወይስ 68ቱ ውስጥ ተካቷል? ቤት ይሰጣሉ ወይስ ራስሽ ትከራያለሽ? በስንት ጊዜ እረፍት ወጥተሽ አዲስ አበባ ትመጫለሽ፣ የአውሮፕላን ትኬቱስ በማን ነው? መንገዱ በአዋሽና በሚሌ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ የጂቡቲ ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት ነው፤ በየወሩ በአውቶቡስ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሙቀቱ በበጋው መለስተኛ ነው፤ ከሚያዝያ በኋላ ግን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኤሲ የሌለው ክፍል ውስጥ አይተኛም። ሰመራ ወይም ጎኗ ያለችው ሎጊያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ፈልጊና አናግሪያት። ከኤችአር የማትሰሚውን ነገር እሷ ትነግርሻለች። በተለይ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ማምሻውን ምን ታደርጋለች የሚለውን።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ እኔ ወደ ሰመራ አደላለሁ። ምክንያቴም ይኸውልሽ።

ሰመራ ሆነሽ የባንኩን ደመወዝ ያህል ብቻ፣ ማለትም ወደ 16 ሺህ ብር፣ ተጠቅመሽ ብትኖሪና ልዩነቱን ብታስቀምጪ፣ በዓመት ከ306 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። ለጉዞ፣ ለሕመም፣ ለበዓል፣ «ልጄ እንዲያው ኤንጂኦ ገባች» ብሎ ለሚደውለው ዘመድ ሁሉ 50 ሺህ እንቀንስ፤ 250 ሺህ ይቀርሻል። ይህ የባንኩ የተጣራ ደመወዝ የ15 ወር ክፍያ ነው። ማለትም ኮንትራቱ በዓመቱ ቢቋረጥ፣ ከዚያም ከዓመት በላይ ሥራ ብታጪ እንኳ፣ ባንክ ገብተሽ ቢሆን ኖሮ በየወሩ ታገኚው የነበረውን ብር ራስሽ ለራስሽ እየከፈልሽ መቆየት ትችያለሽ። አባትሽ የሚፈሩልሽ ሥራ መፍታቱን ነው፤ የዚያ ዋጋ እዚያ ደመወዝ ውስጥ ቀድሞ ተከፍሏል።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ግን ብሩ ከተቀመጠ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ስለ ሠርጉ መናገር አለብኝ፤ ይቅር በይኝ።

አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ቬሎ፣ መኪና፣ ቪዲዮ፣ መልስ፣ ቅልቅል እያለ የሚሄደው ዝርዝር 300 ሺህን በአንድ ቅዳሜ ይውጠዋል። እጮኛሽ 68 ሺህ ያለው ያንን አስቦ ከሆነ ሰመራን እንዳትነኪው፤ ባንኩን ያዢ። ያለ ቁጠባ የዓመት ኮንትራት መያዝ ማለት ዓመቱ ሲያልቅ ባዶ እጅሽን ነሽ ማለት ነው፣ ያውም አዲስ ሙሽራ ሆነሽ። ዛሬ ማታ ቁጭ አድርገሽ ጠይቂው። «ሠርጉን ባለን አቅም ብናደርገው፣ ከሰመራ የሚመጣውን ብር ባንነካው ትስማማለህ?» በይው። እጮኛሽ 68 ሺህ ብሩን ቆጥሯል፤ አንቺ ሰመራ፣ እሱ አዲስ አበባ የምትሆኑበትን የመጀመሪያ የትዳር ዓመት ግን የቆጠረ አይመስለኝም። ስለ ልጅም ተነጋገሩ። አዋጁ ለወላድ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፣ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው በኋላ። የጊዜ ገደብ ያለው ውል ግን ቀኑ ሲደርስ ያልቃል። ቶሎ መውለድ የምትፈልጉ ከሆነ የባንኩ ሚዛን በጣም ይከብዳል።

ያልነገርሽኝ አንድ ነገር አለ። እናትሽን ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ማነው? መድኃኒቱን የሚከታተለው፣ ሌሊት ስኳራቸው ሲወርድ የሚነሣው አንቺ ካልሆንሽ፣ ከሰመራ ሆነሽ የምትልኪው ብር የበለጠ ይጠቅማቸዋል። አንቺ ከሆንሽ ግን ወንድምሽና አባትሽ ይህን ሥራ ሊረከቡ እንደሚችሉ ሳታረጋግጪ አትሂጂ። የድርጅቱን የሕክምና ዋስትና ስትጠይቂም ወላጅን ያካትት እንደሆነ አብረሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ አያካትቱም፤ የሚያካትቱ ግን አሉ።

ለአባትሽ ደግሞ የጡረታውን ነገር አስረጂያቸው። ድርጅቱ ጡረታ የሚከፍል ከሆነ፣ 7ቱ ካንቺ፣ 11ዱ ከአሠሪው ሆኖ፣ የአገልግሎት ዘመንሽ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይቀጥላል። እስካሁን የሠራሽው ስድስት ዓመት የትም አይጠፋም። ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ስትለቂ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ቁጠባ፣ ነው ካሉሽ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያንን አጣሪ። መምህር የነበሩ አባት ከደመወዝ ይልቅ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ይረጋል ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ደግሞ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ነገር። አራት ፈተና ቀርቶኝ አቆምኩ ብለሻል። እህቴ፣ ከ13ቱ ዘጠኙን ጨርሰሻል ማለት ነው! ይህን ከሁለቱም ሥራ በላይ አድርጌ ነው የማየው። በ2006 ከወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ወዲህ፣ አይኤፍአርኤስ ግዴታ እየሆነ ሲመጣ፣ ይህን ወረቀት የያዘ ሰው ባንክም፣ ኦዲት ድርጅትም፣ ኤንጂኦም ይፈልገዋል። ለምን እንዳቆምሽ አልነገርሽኝም፤ ግን መገመት አይከብድም። ክፍያው በፓውንድ ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲመነዘር አይቀመስም። አሁን እጅሽ በሚገባው 11 ሺህ ብር ማን ይከፍለዋል? በባንኩ የተጣራ 16 ሺህም ቢሆን ይከብዳል። በ41 ሺህ ግን ይቻላል። የቀሩሽ የመጨረሻው ደረጃ ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፤ በሰመራ ምሽት ከማጥናት ሌላ ብዙ የሚሠራ ነገር የለም። በዓመቱ ሁለቱን ብታልፊ፣ ኮንትራቱ ታደሰ አልታደሰ የምትደራደሪው ከሌላ ቦታ ላይ ሆነሽ ነው።

ስለዚህ ከድርጅቱ ጋር ስትነጋገሪ ደመወዝ ጨምሩልኝ ከማለት ይልቅ ለፈተና ቀን ፈቃድ እንዲሰጡሽ፣ የእረፍት ጉዞሽም ከፈተናው ጋር እንዲገጥም ጠይቂ። ደመወዙ በስኬል የታሰረ ስለሆነ ኤችአሩ እጁ አይላላም፤ ይህን ግን አንድ አለቃ በቀላሉ ሊፈቅደው ይችላል። ባንኩንም ተመሳሳይ ነገር ጠይቂ፤ ሙያዊ ፈተና ላለፈ ሠራተኛ ክፍያውን የሚመልሱ ባንኮች አሉ። ያንቺኛው ከነሱ አንዱ ከሆነ የኔ ሒሳብ በጣም ይጠባል፣ እንደገና ቁጭ ብለሽ መሥራት አለብሽ። ስድስት ዓመት ልምድሽ በየትኛው እርከን እንደተያዘም አስረጂኝ በያቸው፤ አንዳንዴ አዲስ ገቢ በመነሻው ላይ ይቀመጥና የሚጠይቅ ስለሌለ እዚያው ይቀራል።

ሰመራ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይገባ ሌላ ባንክ ለብቻው ሒሳብ ክፈቺ። ደመወዝ በገባ ዕለት 25 ሺዋ በራሷ እንድትዛወር አድርጊ። የኤቲኤም ካርዱን አታውጪ። ለእቁብም አትጠቀሚበት፤ የሰመራ ሠራተኛ አዲስ አበባ ላይ እቁብ ሲጥል ዕጣው ሲወጣ ብሩ ለሌላ ወጪ ተፈልጎ ይጠብቀዋል።

ረቡዕ ድረስ ጊዜ ከሰጡሽ የሰመራውን ደብዳቤ ጠብቂ። ካልሰጡሽና ዓርብ እስኪመሽ ከድርጅቱ በጽሑፍ የመጣ ነገር ከሌለ፣ ለባንኩ እሺ ብለሽ ፈርሚ። ለድርጅቱም ሌላ ቦታ መግባትሽን በአክብሮት ጻፊላቸው። ወደፊት ክፍት ቦታ ሲኖር እንዲያስቡሽ የምትዪበት አንድ መስመር ጨምሪበት። ኤሲሲኤውን ግን የቱም ጋ ግቢ፣ ለቀጣዩ ዙር ተመዝገቢ።